ቂብላው በየት በኩል ነው?

ሥራዬ ለባንክ የቤት ዋጋ መገመት ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይኖራል ስንጥር» የተባለው ለእኛ ሙያ ይመስለኛል። ነጋዴውን ሳሊምን ግን ያመጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ኢምራን ስለሆነ አመንሁት፤ ይህንንም ለማንም ሳልናገር ከሳሊም ጋር ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ፀዳ ሄድሁ።

በስሙ የወጣ የይዞታ ካርታ ሰጠኝ። ለብድሩ የሚያስይዘው ቤት ባለ ፎቅ ነው፣ ያማረ። «ከሠራሁት ጀምሮ የኖርሁበት ነው» እያለ ይመራኛል። የሳሎኑን መብራት ለማብራት ግን ግድግዳውን ዳበሰ። የግቢው ውሻም ጮኸ።

«እንግዳ አይወድም፣ እህቴ» አለኝ።

እንግዳዋ እኔ ከሆንሁ ምነው ወደ እሱ ዞሮ ይጮሃል?

የዐስር ሶላት ደርሶ ነበር። «ልስገድ፤ ቂብላው በየት በኩል ነው?» አልሁት።

ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ማክሰኚት ጠቆመኝ።

ከዚህ አገር ወደ ደቡብ የሚሰግድ ሙስሊም አይቼ አላውቅም። መካ በሰሜን ነው፤ ከተማውን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ወለቃንም አልፎ። ሰው ማብሪያው የት እንዳለ ሊረሳ ይችላል። በየቀኑ በቤቱ የሚሰግድበትን አቅጣጫ ግን እንዴት ይረሳል? ፊቴን ወደ ሰሜን አዙሬ ሰገድሁ። እሱም ቆሞ አየኝ።

እሱን ተሰናብቼ ስወጣ ጎረቤቲቱን፣ እትዬ ስንዱን፣ የሳሊም ቤት የትኛው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የእሱስ ቤት ያች ናት» ብለው ከአጥሩ ጀርባ የዘመመች የጭቃ ቤት አሳዩኝ። «ፎቁ የአያ አስናቀው ነው፤ እሱ አዲ አርቃይ ነው ያለው። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው።»

ለካስ ሳሊም የሰጠኝ የይዞታ ካርታ የጭቃዋ ቤት ነው! በፎቁ ዋጋ ተበድሮ ሲጠፋ ለባንኩ ጭቃዋ ትቀራለች፤ የምጠየቀው ደግሞ በግምቱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ባጃጅ ይዤ አዘዞ ሳልደርስ ኢምራን ደወለ። «ምነው ፈህሚያ! ቤት ገምቺ ስትባይ ቂብላ ትጠይቂያለሽ?» ብሎ ሳቀ።

ስለ ቂብላው ለማንም አልተናገርሁም። የነገረው ሳሊም ነው።

«ቤቱ የማን እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

«አንቺን ተማምነን ነው እኮ፤ እህቴ አይደለሽ?» አለኝ።

ባለ ባጃጁ እያየኝ አለቀስሁ።

ቢሮ ገብቼ ያየሁትን ሁሉ ጻፍሁ። ሳሊምን ማን እንዳመጣው ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ከታች ጨመርሁበት፦ «ደንበኛውን ያመጣው ወንድሜ ኢምራን ነው። ይህን ቤቱን ለማየት ከመሄዴ በፊት መናገር ነበረብኝ።»

ፈረምሁ።