ደመናውን የበሳሁበት ቀን

ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ እህቴ ትሙት! ለነገሩ ምስክሬም እሷው ናት። ጽፌ ስጨርስ አነብላታለሁ፤ ከግርጌውም ትፈርምበታለች።

ነገሩ የሆነው ባለፈው የብርድ ወራት ነው። ሰማዩ ለአርባ ቀን ተከድኖ ነበር። ሰባ ብል ደስ ባለኝ፤ እውነት ስለምወድ ግን አርባ። የታላቅ እህቴ ባል ከብት አርቢ ነው። እርሻው ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ አንድ ኮረብታ ግርጌ ተወሽቋል። ሰውየው በቀን ከሦስት ቃል በላይ ስለማይወጣው «ድንጋዩ» ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። ከሦስቱ ሁለቱ እኔን ለመስደብ የተመደቡ ናቸው።

እኔ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። እጄ ሲነካው ያልተነሳ ፓምፕ ካለ፣ እሱ ቀድሞውንም ፓምፕ አልነበረም ማለት ነው።

አንድ ጠዋት እትዬ ደወለች። «ቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኗል። ከብቶቹ ውኃ ከቀመሱ ሁለት ቀናቸው። አንዷ ደግሞ ልትወልድ ወር የቀራት ናት።»

«ባልሽ ጥሪው ብሎሽ ነው?»

«እሱ አያውቅም» አለችና ዘጋችው።

እቃዬን መኪናዬ ላይ ጭኜ ወጣሁ። ብርዱ ለጉድ ነው። ፉጨት ብጀምር ፉጨቴ አየር ላይ ደርቆ የመኪናዬን መስታወት ሊሰብርብኝ ሆነ። ከከተማው እንደራቅሁ ሰማዩና ማሳው አንድ ዓይነት አመድ ለብሰው የሚገናኙበት ቦታ ጠፋኝ። ቅጠል አንድም የለም። ፀሐይ ስለሌለች ዛፉም፣ አጥሩም፣ አጥሩ ላይ የተቀመጠው ቁራም ጥላ አልነበራቸውም። መኪናዬን አቆምኩና ወረድኩ። ምንም ድምፅ የለም። ያምር ነበር። እዚህች ላይ ምንም አልጨመርኩም።

ድንጋዩ የግቢው በር ላይ መጥረቢያውን ይዞ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ተመለስ» አለ።

«ሰው እንዴት አደርክ ይባላል እኮ!»

«አምና መቶ ዓመት ያገለግላል ብለህ የሠራኸው ፓምፕ በስምንተኛው ቀን ቆመ።» የሳምንቱን ቃል በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

«የፓምፑ ጠባይ ነዋ! እኔ ዋስትና የሰጠሁት ለሥራዬ ነው።»

«ካንተ ሥራ የማይበላሸው ወሬህ ብቻ ነው።»

ይህን ሲል ከበረቱ ላሞቹ ጮኹ። የተጠማ ከብት ጩኸት ደረቅ ነው፤ ቆዳ ሲቀደድ ይመስላል። ድንጋዩ ወደ በረቱ አየ፤ ወደ ሰማዩ አየ። ከዚያ መሬቱ ላይ እንትፍ አለና መንገዱን ለቀቀልኝ። እትዬ ከቤቱ በር ላይ ቆማ ትመለከተናለች።

ከጉድጓዱ እስከ ከብቶቹ መጠጫ ገንዳ ሠላሳ ሜትር የብረት ቧንቧ ግቢውን አቋርጦ ይሄዳል። የጋዝ እሳቴን ለኩሼ መሃሉ ላይ ተንበረከክሁ።

«ከገንዳው በኩል ጀምር» አለኝ ድንጋዩ ከኋላዬ። «መክፈቻውንም ክፈተው። መሃሉን ካሞቅኸው እንፋሎቱ መውጫ ያጣል።»

«ለቀባሪው አረዱት! ፓምፕ ጠጋኙ አንተ ነህ እኔ?»

«ከጫፍ ጀምር ብዬሃለሁ።»

«ከጫፍ የሚጀምረው ፈሪ ነው። ወንድ ልጅ ልቡን ነው የሚወጋው!»

እሳቱን ለቀቅሁበት። ቧንቧው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ አቃሰተ፣ ከዚያማ ውሸታም እንዳትሉኝ፣ ኮረብታው ራሱ ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያለ የሚያስመስል ድምፅ ተሰማ። ውኃው ወደ ላይ ተወነጨፈ። ከጣሪያው አለፈ፣ ከዛፎቹ አለፈ፣ አርባ ቀን የተከደነውን ደመና ሄዶ በሳው! በቀዳዳው ፀሐይ ብቅ አለች። ላሞቹ በረቱን ጥሰው ወጥተው እስኪጠግቡ ጠጡ፤ እርጉዟ ብቻዋን አንድ በርሜል ጨረሰች። ድንጋዩም ጉልበቱ ላይ ወድቆ እጄን ሳመ። «ወንድሜ!» እያለ ሲያለቅስ እንባው በብርዱ እየጠጠረ፣ ቅጭል ቅጭል እያለ ብረቱ ላይ ሲንጠባጠብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔም ይቅር ብዬው፣ ራት ብላ እያለ ሲለምነኝ እምቢ ብዬ ወደ ከተማዬ ተመለስኩ።

ይህን ሁሉ ትናንት ከሰዓት በኋላ ለእትዬ አነበብኩላት። የባሏን የተቀደደ ጓንት እየሰፋች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እስክሪብቶውን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«ፀሐይ አልወጣችም» አለች፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

«እሺ፣ ትንሽ ብልጭ…»

«ቧንቧው ተተረተረ። ውኃው ግቢው ላይ ፈሰሰና እዚያው በረዶ ሆነ። አንተ ማንም ምንም ሳይልህ መኪናህን አስነስተህ ሄድክ። እሱ ከእርሻው በታች ያለውን የኩሬ በረዶ በመጥረቢያ እየፈለጠ አራት ቀን ሙሉ በባልዲ አመላለሰ። በሁለተኛው ቀን ያቺ እርጉዝ ላም ግቢው ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ጥጃዋን ጣለች።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እሱ ነው አትንገሪው ያለኝ» አለች። «ወሬ ያደርገዋል ብሎ።»