ያልተመለሰች ሁሉ ድናለች

ዛሬም ድረስ "ድነዋል" የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የሆነው በ1976 ክረምት ማለቂያ ላይ ነው። ባሕር ዳር ለዐሥረኛው የአብዮት በዓል ቀይ ጨርቅ ለብሳ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የድምፅ ማጉያ ይጮኽባት ነበር። ከሚስዮኖች የተወረሰችው የሐይቅ ዳር ክሊኒካችንም ድርሻዋ ደርሷት መግቢያዋ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተተከለ። አካሉ የሚባል ሰዓሊ መሰላል ላይ ወጥቶ "በአብዮቱ ዘመን ከነቀርሳ የዳኑ እናቶች" ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ ትልቅ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ያወጣችው ሲስተር ፀሐይወርቅ ናት ተብሎ ተወራ። ፀሐይወርቅ እኔ ነኝ፤ ወሬው ግን ውሸት ነው። እኔ ያዘጋጀሁት ካርዶቹን ነው። ቁጥሩን የፈጠረው አስተዳዳሪያችን ጓድ ሀብተ ሥላሴ ነው።

ነርስ ነኝ። ቡልጋሪያ ሄጄ ደግሞ የጤና ስታቲስቲክስ ተምሬያለሁ። ከዚያ ይዤው የመጣሁት ዘዴ ኮምፒዩተር አይጠይቅም። ዙሪያውን በቀዳዳ የተበሳ ወፍራም ካርድ ነው፤ ለአንዲት በሽተኛ አንድ ካርድ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ጥያቄ ነው። ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ ነው የመጣችው? ብዙ ወልዳለች? የአዲስ አበባ ላቦራቶሪ የማህፀን ነቀርሳ ነው ብሏል? መልሱ አዎ ከሆነ ቀዳዳው እስከ ካርዱ ጠርዝ ድረስ በመቀስ ይቀደዳል። ከዚያ ካርዶቹን ደርድሬ በአንዱ ቀዳዳ የሹራብ ሽቦ አሳልፌ ከፍ ሳደርጋቸው፣ የተቀደዱት ይረግፋሉ፣ የቀሩት ሽቦው ላይ ይንጠለጠላሉ። ባልደረቦቼ በበሩ ባለፉ ቁጥር "ሲስተር፣ ሹራቡ መቼ ነው የሚያልቀው?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። በዚያ ሽቦ ማንም ሰው ዓመት ሙሉ መዝገብ ገልጦ የማያገኘውን ነገር በአንድ ጠዋት አገኝ ነበር። ካርዶቹን አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ለነቀርሳ ጥናታቸው ይጠብቋቸዋል። ጣና ዳር በዚህ በሽታ የምትያዘው የትኛዋ ሴት ናት? በየትኛው ሕክምና ትተርፋለች? ማወቅ የፈለጉት ይህን ነው።

ጠቡ የተጀመረው በአንድ ቀዳዳ ነው። ካርዱ ላይ "ድናለች" እና "ሞታለች" የሚሉ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ። አንዲት ሴት ደም እየፈሰሳት ትመጣለች፤ ከማህፀኗ በር ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ ለጊዜው ክኒን ተሰጥቷት አገሯ ትገባለች። መልሱ ከወራት በኋላ ሲመጣ ለገበሬ ማኅበሯ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ብዙዎቹ ብቅ አይሉም። "ለእነዚህ 'አይታወቅም' የሚል ሦስተኛ ቀዳዳ ያስፈልጋል" ብዬ አስተዳዳሪውን ለመንኩት።

"አብዮታዊ መንግሥት 'አይታወቅም' የሚል ሪፖርት አይቀበልም" አለኝ ሀብተ ሥላሴ። "ቢያማት ኖሮ ትመለስ ነበር። ያልተመለሰች ሁሉ ድናለች።"

የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ እኔን ለስብሰባ ልኮ፣ ያልተመለሱትን ሴቶች ካርድ በሙሉ "ድናለች" ላይ በጸሐፊው አስቀደደ። የተቀደደ ካርድ ደግሞ ተመልሶ አይገጠምም። ያን ቀን እንደዚያ መቀስ የጠላሁት ነገር አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ከቁንዝላ በጀልባ የመጣች ሴት በቃሬዛ አስገቡልን። ከስታ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። አዲስ ካርድ አውጥቼ ስሟን ስጠይቅ ያመጣቻት እኅቷ "ወለተ ሩፋኤል" አለችኝ። ጻፍኩ። ቆይቼ ስመለስ ግን እኅትየው ውኃ ልታጠጣት ጎንበስ ብላ "የብርጓል፣ እኅቴ፣ እስቲ ቀና በይ" ስትል ሰማኋት።

"የብርጓል ማን ናት?"

"እሷው ናት እንጂ። የዓለም ስሟ ነው።"

"ታዲያ ለምን ወለተ ሩፋኤል አልሽኝ?"

እንደ ሞኝ አየችኝ። "ጸበል ሰንብተን መምጣታችን ነው፣ እታለም። ሰው እንዲህ ሲሆን በክርስትና ስሙ ነው የሚጠራ። እግዜር የሚያውቃት በዚያ ነው። ሐኪም ቤት ለመጨረሻ ሳመጣት በምን ስም ላስገባት ኖሯል?"

እየሮጥኩ ወደ መሳቢያው ሄድኩ። የብርጓል አዘዘ፣ ቁንዝላ፤ የላቦራቶሪው መልስ ነቀርሳ። "ድናለች" ላይ ተቀድዷል። እዚያ ሰሌዳ ላይ ከተጻፉት አንዷ ናት፤ ከግድግዳው ወዲህ ደግሞ እየሞተች ነው። ይኼኔ ሌላው ሁሉ ተገለጠልኝ። ያልተመለሱት ተመልሰዋል! ሊታከሙ ሲመጡ በዓለም ስማቸው፣ ሊሞቱ ሲመጡ በክርስትና ስማቸው። አንዲት ሴት ሁለት ካርድ አላት፤ በአንዱ ድናለች፣ በሌላው ሞታለች። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ይህን አምነው ቢጽፉ፣ ጣና ዳር ነቀርሳ በክኒን ይድናል ሊሉ ነው።

የብርጓል በዚያው ሳምንት አረፈች። ከማረፏ በፊት የንስሐ አባቷ ቄስ ወልደ ሐዋርያት ሊያቆርቧት በጀልባ መጥተው ነበር። ከሐይቁ ዳር ሾላው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ሁለቱንም ስም የሚያውቅ የንስሐ አባት ብቻ ነው።

"የክርስትና ስም ለመንግሥት?" አሉ ተቆጥተው። "በስሙ መተት የሚያሠራ ስንት አለ! ደግሞ ነገ ካድሬው መጥቶ ቄሱ ስም አቀባይ ሆነ ቢለኝ ማን ይመልስልኛል?"

"አባቴ፣ ሴቶቹ ድነዋል ተብሎ ተጽፏል።"

"ማን ነው የጻፈ?"

"አለቃዬ።"

መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። "እኔ እጄ እስቲዝል ቀበርሁ፤ እሱ ድነዋል ይላል? ጥሪ ልጄ፣ ጥሪልኝ።" ካርዶቹን ከመሳቢያው አምጥቼ ጀመርኩ።

"የሺመቤት?"

"ወለተ ጊዮርጊስ። ሐምሌን አልተሻገረችም።"

እንዲህ እያልን ሄድን። እሳቸው ስም ሰጡኝ፤ እኔ ግን በስም ብቻ አላመንኩም። ሁለቱን ካርድ በየስሙ አስተያየሁ፤ መንደሩ፣ የወለደችው ልጅ ብዛት፣ በሽታው ያለበት ቦታ፣ የቀሩት ቀዳዳዎች ቅድ አንድ ነው። ከ"ድናለች" ክምር እያነሣሁ ከ"ሞታለች" ክምር ጋር አጣመርኩ። ያንን ሰሌዳ ሄጄ በድንጋይ መስበር አማረኝ።

"አገርነሽ አዘዘ?" አልኳቸው።

"እሷማ ያቻትና" አሉ በጣታቸው እያሳዩኝ። "የእኅቷን ልብስ የምታጥበው።"

የብርጓልን ያመጣቻት እኅቷ ናት። ባለፈው በጋ እሷም ታይታ ነበር ለካ፤ መልሷ የመጣው አገሯ ከገባች በኋላ ነው። ካርዷን ለቀዶ ሐኪማችን ለዶክተር አምባቸው ወሰድኩለት። አገላብጦ አየውና "ገና ጅምር ነው" አለኝ። "አሁን ኦፕራሲዮን ባደርጋት ትተርፋለች። ለከርሞ ከተባለ ግን እንደ እኅቷ ናት። የአስተዳዳሪውን ፊርማ አምጪልኝ።"

ሀብተ ሥላሴ ካርዶቹን አላያቸውም። "የዳነች ሴት አልጋ አይሰጣትም" አለኝ።

"አልዳነችም እኮ ነው የምልዎ!"

"ሪፖርቱ ሄዷል። ሰሌዳውም ቀለሙ ደርቋል።" ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። "የክርስትና ስም አላት አይደል? በዚያ አስገቢያት። አዲስ በሽተኛ ትሆናለች፤ እፈርማለሁ። ሁላችንም እንገላገላለን።"

በብልጠቱ ተደስቶ ሳቀ። ልተፋበት ምንም አልቀረኝ። ግን አልጋ አልጋ ነው ብዬ ዋጥ አደረግሁትና ሄጄ ለአገርነሽ በሽታዋንም የአለቃዬንም መላ ነገርኳት። የታጠበውን ልብስ እንደያዘች አዳመጠችኝ፤ አላለቀሰችም።

"እኅቴን በዚያ ስም አስገባኋት፤ በዚያው ስም ፍትሐት ተደርጎላት ልትቀበር ነው" አለችኝ። "እኔን ከነነፍሴ በመቃብር ስሜ ልታስገቢኝ ነው?"

"ስም ምንሽ ነው? ከሕይወትሽ ይበልጣል?" ጮኽኩባት። በእሷም ተናደድኩ፤ አንገቷን ይዤ ባስገባት ደስ ባለኝ።

"አንቺ፣ ቁንዝላ ያሉት ሌሎቹስ? የኔ ስም ተለውጦ እኔ ብገባ፣ እነሱ ድነው ሊቀሩ ነው? አልሞትሁም፤ አልዳንሁምም። አገርነሽ ነኝ።" ልብሱን አሰጣችና ዞረችብኝ። "ያ ሰሌዳ የሚመረቀው መቼ ነው?"

ለእንቁጣጣሽ ማግስት እንደሆነ ነገርኳት። ከክምሩ ጥንድ ካርድ ያላገኙትን፣ በሕይወት ይኖራሉ የምንላቸውን ሴቶች ስም እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የምታውቃቸውን ሰማች፤ የማታውቃቸውን አገራቸውን ጠየቀች። በማግስቱ የእኅቷን አስከሬን ይዛ በጀልባ ሄደች። በሽታው በሆዷ እያደገ ዝም ብዬ አስሄድኳት፤ እስክትመለስ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሀብተ ሥላሴ በየቀኑ በመስኮት ሰሌዳውን እያየ ሻይ ይጠጣል።

የምርቃቱ ዕለት ከክፍለ ሀገር የመጡ እንግዶች በወንበር ተደረደሩ። ሀብተ ሥላሴ ንግግሩን ጀምሮ "እነዚህ የዳኑ እናቶቻችን" እያለ ሳለ በሩ ላይ ሴቶች ታዩ። አንዳንዶቹ በእግራቸው፣ አንዳንዶቹ በሰው ትከሻ ተደግፈው፣ ቀሚሳቸውን የሐይቅ ውኃ ነክቶት። ከፊታቸው አገርነሽ ነበረች።

"እኔ ከነዚያ አንዷ ነኝ" አለች ወደ ሰሌዳው እያሳየች።

እንግዶቹ አጨበጨቡ! የምስክርነት ቃል የተዘጋጀ መስሏቸው ነው። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች።

"አገርነሽ አዘዘ እባላለሁ። አልዳንሁም። እነዚህም አልዳኑም። እኅቴ የብርጓል እዚህ ላይ ድናለች፤ ቁንዝላ ጊዮርጊስ ግን አፈር ለብሳለች። ቁሙና እዩኝ እንጂ፣ ምን ታቀረቅራላችሁ?"

ማንም አላጨበጨበም። የእንግዶቹ አለቃ ፊቱ ቀልቶ ወደ ሀብተ ሥላሴ ዞረና "መዝግባቸው፣ አሁኑኑ" አለው ጥርሱን ነክሶ። ለሴቶቹ አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ አፍሮ ነው። ያም ሆነ ይህ ፊርማው ወጣ። ዶክተር አምባቸው አገርነሽን ክንዷን ይዞ አስገባት፤ በሳምንቱም ኦፕራሲዮን አደረጋት። በሕይወት ኖራ የልጅ ልጅ አይታለች።

ያን ዕለት ግን ጠረጴዛ ወደ ግቢው ወጣ። ሀብተ ሥላሴ ብዕር ይዞ ተቀመጠ፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ "ድናለች" የተባሉትን ካርዶች አንድ በአንድ ጠራሁ። "አቤት" ትላለች፤ ይጽፋል። ሌላዋ "አለሁ" ትላለች፤ ይጽፋል። አንዷን ስጠራ ግን የሚመልስ ጠፋ።

"የሺአረግ፣ ከዘጌ!" ደገምኩት።

ከኋላ አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "ልጄ ናት" አለች። "ቤቷ ነው ያረፈች። ወለተ ሥላሴ በሏት።"

በሁለቱም ክምር ውስጥ ሞቷ የለም። እኔም ካርዶቼም አናውቀውም ነበር። ሀብተ ሥላሴ ብዕሩን አንሥቶ ቀና ብሎ አየኝ።

"ይቺን ምን ብዬ ልጻፍ?" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

እስከዚያች ቀን ድረስ አንቱ ከማለት በቀር ሌላ ተናግሬው አላውቅም።

"ገደልኳት ብለህ ጻፍ" አልኩት።