ለፎቶው ብቻ

ጂኦሎጂ መምረጤን ቤተሰቦቼ የሰሙት እራት ላይ ነው። እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አክስቴ ፋርማሲስት ስለሆነች እማዬ ለእኔም ፋርማሲ አስባልኝ ነበር።

"ይህን ሁሉ ዓመት አንገትሽን ደፍተሽ ያጠናሽው ድንጋይ ለመልቀም ነው?" አለችኝ።

ወንድሜ ሳቁን መያዝ አቃተው። "እህቴ፣ ትንሽ ዘገየሽ። ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ጊዜ ብትመርጪው ኖሮ ሁላችንንም ታጠግቢን ነበር።"

መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ምርጫዬን ግን አልቀየርኩም።

ደስ ብሎኝ ተማርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የኋላው ንዴቴ ትምህርቱን ከመጥላት የመጣ እንዳይመስል ነው። የኖራ ድንጋይ ላይ አሲድ ጠብ ሲደረግ አረፋ እየደፈቀ ሲንሿሿ ማየት አይሰለቸኝም ነበር። የጭቃ ድንጋይን ከደለል ድንጋይ ለመለየት ደግሞ ቅንጣቱን በፊት ጥርስ ማኘክ ነው፤ ከተንኮሻኮሸ ደለል፣ ከለሰለሰ ጭቃ። ከእኔ ሌላ በክፍላችን የነበረችው ብቸኛ ሴት የዶርም ጓደኛዬ ናት። ቁጭ ማለት ስለማትችል ፌንጣ እንላታለን። እሷ ናሙናውን እያኘከች፣ "ዛሬ ምሳ ቀረልን፤ ጨው ብቻ ነው የጎደለው" ስትል ቤተ ሙከራው በሳቅ ይሞላል። ቅዳሜ ከሰዓት ልብሳችንን አጥበን ሣሩ ላይ ተጋድመን፣ ተመርቀን የት የት ተራራ እንደምንወጣ እናወራ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የመስክ ሥራ መጣ። ተማሪው አንድ አካባቢ ከርሞ፣ የዓለቱን ንብርብር እየለካ የራሱን ካርታ ይሠራል። መስክ ሳይወጣ የተመረቀን ጂኦሎጂስት ማንም አይቀጥረውም፤ ቢቀጥረውም ቢሮ አስቀምጦ ፋይል ያስጠርዘዋል። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስጠብቅ የነበረው ይህንኑ ነበር።

በዲፓርትመንታችን ግን ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው ልማድ ነበረ። ወንዶቹ ይወጣሉ፤ ሴቶቹ ቀርተው፣ ወንዶቹ ሲመለሱ ይዘውት የመጡትን ካርታ በቀለም ያሳምራሉ። የመስክ መምህራችን ይህን የነገሩን የክፍሉ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ነው፤ ጠመኔያቸውን እያራገፉ።

"ሴቶች ትቀራላችሁ። ካምፑ ላይ ለእናንተ የሚሆን መኝታ የለም። ለእናንተው ብለን ነው።"

"መምህር፣ እኛ መሬትም ላይ እንተኛለን" አለች ፌንጣ።

"እሱን ለእናትሽ ንገሪያት።" ክፍሉ ሳቀ። "ደግሞ እጃችሁ ንጹሕ ነው። ካርታው ያለ እናንተ አያምርም።"

ያላየሁትን ገደል፣ ያልነካሁትን ዓለት፣ ሌላ ሰው በለካው ልክ ቡናማና ቢጫ ልቀባ! በማግስቱ ቢሯቸው ሄድኩ። በሩ ላይ ብዙ ቆሜ አንኳኳሁ።

"እኔም መስክ መውጣት እፈልጋለሁ" አልኩ።

"ምን አልሽ? ጮክ በይ እንጂ።"

ደገምኩት።

ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ ሣቅ አሉ። "እዚህ ያልተሰማ ድምፅ ገደል ውስጥ ወድቀሽ ብትጣሪ ማን ይሰማዋል? ሂጂ የኔ ልጅ፣ ቀለምሽን አዘጋጂ።"

"የኔ ልጅ" ያሉት ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ።

ጉዞው ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ፎቶ አንሺ አስከትላ መጣች። ለአዲስ ተማሪዎች የሚበተን መጽሔት እያዘጋጀች ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ስለመምረጥና በኑሮው ስለመደሰት። የምትስቅ ሴት ተማሪ ስትፈልግ መምህሩ ወደ እኔ ጠቆሙ። የራስ ቁር አደረጉልኝ፤ እስከ ቅንድቤ ወረደ። መዶሻ አስያዙኝ። ከዚያ ወስደው ያቆሙኝ ካፍቴሪያው ጀርባ፣ ለግንባታ የተራገፈ ጠጠር ክምር ላይ ነው።

"ፈገግ በይ የኔ ቆንጆ" አለች ኃላፊዋ። "በምርጫሽ የተደሰትሽ ተማሪ ነሽ እኮ!"

"ዲፓርትመንታችን ሴቶችን በጣም ያበረታታል" አሉ መምህሩ፣ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ።

"እስኪ ንገሪኝ፣ ከትምህርትሽ በጣም የሚያስደስትሽ ምንድን ነው?"

መዶሻውን አየሁት። ገና ጭረት ያልነካው፣ ነገ ወንዶቹ ይዘውት የሚሄዱት መዶሻ ነው።

"መስክ መውጣት ይመስለኛል" አልኩ። "ግን አላየሁትም።"

ኃላፊዋ ብዕሯን አቆመች። እኔ የራስ ቁሩን አወለቅኩ። ድምፄ እንደምንም ወጣ።

"ይህ የግንባታ ጠጠር ነው። እዚህ አልነሣም። መስክ ላይ ካነሣችሁኝ እሺ።"

"እውነቷን ነው" አለ ፎቶ አንሺው፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ። "ከጀርባዋ የሲሚንቶ ከረጢት እየገባብኝ ነው።"

ኃላፊዋ አጨበጨበች። እውነተኛ ተራራ! እዚያው ቆማ ለዲኑ ደወለች፤ ዲኑም ፈቀዱ። መምህሩ ስልኩ እስኪዘጋ ፈገግ ብለው ጠበቁና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"አንቺም ጓደኛሽም በሕዝብ ግንኙነቱ መኪና ትሄዳላችሁ። ለፎቶው ብቻ። ተነሥታችሁ ስታበቁ ትመለሳላችሁ።"

ፌንጣ ማታ ብርድ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስትጠቀጥቅ አየኋት።

"ለፎቶ ብቻ አይደል እንዴ?"

"ፎቶው ቢበርደውስ?" አለችኝ። እኔም የእኔን አወረድኩ።

ተራራው ጋ ስንደርስ ፎቶ አንሺው ገደሉ ሥር አቆመኝ። በመጽሐፍ ብቻ የማውቀው ንብርብር ከእግሬ እስከ ላይ ተደርድሮ ቆሟል፤ ቀይ፣ ግራጫ፣ እንደገና ቀይ። እጄን አሳረፍኩበት፤ በፀሐይ ሞቋል። ኮምፓሴን አውጥቼ ዓለቱ ላይ አስደግፌ የንብርብሩን ዝንባሌ መለካት ጀመርኩ። "ወደዚህ እይ እንጂ እህቴ!" የሚለውን የሰማሁት ደጋግሞ ከጠራኝ በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ አነሣኝ። ፈገግ ብዬ እንደነበር በኋላ ከፎቶው ነው ያወቅኩት።

ከዚያ ካምፑ ገባን። ድንኳን ነበር የጠበቅኩት። ካምፑ ግን ለእረፍት የተዘጋ ትምህርት ቤት ሆኖ ተገኘ! ወንዶቹ ፍራሻቸውን ሁለት ክፍል ውስጥ ዘርግተዋል። ሦስተኛውን በር ገፋ አደረግኩት። ባዶ ነው። ጠረጴዛዎቹ አንዱ ጥግ ተቆልለዋል፤ በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ ግቢው ጫፍ ላይ መጸዳጃ ቤት ቆሟል፤ በሩ ላይ በትልቁ "ሴቶች" ተብሎ ተጽፏል።

ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት ነው ይህ ክፍል ባዶውን ያደረው? ከእኛ በፊት የነበሩት ልጆች፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው፣ መኝታ የለም ተብለው ቀለም ሲቀቡ ከርመው ተመርቀዋል። ማንም በሩን ከፍቶ አላየላቸውም።

መምህሩ ከኋላዬ መጡ። "መኪናው እየጠበቃችሁ ነው።"

"መኝታ የለም ብለውን ነበር።"

"ይህ የመማሪያ ክፍል ነው እንጂ መኝታ አይደለም።"

"ወንዶቹ የተኙበትስ?"

"ማርክሽ በማን እጅ እንዳለ አትርሺ" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አልረሳሁም። ሥራዬን አይተው ይስጡኝ። ዜሮም ከሆነ የሠራሁት ዜሮ ይሁን። አልመለስም።"

ፌንጣ ሻንጣዋን ወለሉ ላይ አሳረፈች። ኃላፊዋ ልትጠራን መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰምታናለች። ፊቷ ቀልቷል።

"መምህር፣ እኔ እኮ ሴቶቹ መስክ ይወጣሉ ብዬ ልጽፍ ነው። ዲኑም ያነቡታል። ውሸታም ልታደርጉኝ ነው?"

መምህሩ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። "ነገ ንጋት ላይ እንነሣለን። ያረፈደ ይቀራል" ብለው ወጡ። እኔ ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ስለምናቸው ያልተከፈተ ጆሮ ለመጽሔት ተከፈተ። ማሸነፌ ሊያስደስተኝ ሲገባ ይኸው ነገር አበገነኝ።

መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ፌንጣ ጠረጴዛዎቹን ወደ ውጭ መጎተት ጀምራ ቆም አለችና ወደ እኔ ዞረች።

"በሩ ላይ ቆመሽ ቀረሽ እኮ። ፈራሽ እንዴ?"

"አልፈራሁም። ተናድጄ ነው።"

"ጎሽ፣ እንግዲያው ያኛውን ጫፍ ያዢ" አለችኝ። "ይህኛው ጠረጴዛ ብረት ነው፤ ይከብዳል።"