ቁልቁል የተሰቀለው የላፖ ፊት

የፍሎሬንስ ከተማ ከድቷት የሸሸን ሰው እጇ ላይ ካልወደቀ መልኩን ትሰቅላለች። ገበያተኛው ሁሉ በሚያልፍበት በኩል፣ በፍርድ ቤቱ ግንብ ላይ፣ አንድ እግሩ ታስሮ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ይሳላል። የዱሮዎቹ ሠዓሊዎች ለዚህ ሥራ ብዙም አይጨነቁም ነበር። ከዳተኛውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ፊት ይስሉና ከሥሩ ስሙን ይጽፉበታል። ማንበብ የሚችል ስሙን አንብቦ ይሳደባል፤ የማይችለው ደግሞ ደስ ያለውን ሰው ስም ጠርቶ ይሳደባል።

ቴባልዶ ግን ከአዲሶቹ ወገን ነበር። እነዚህ አዲሶቹ ሰውን ከነሕይወቱ እያዩ ነው የሚስሉት። ብርሃኑ ከየት መጣ፣ ጥላው የት ወደቀ፣ ወደ ተመልካቹ የተዘረጋ ክንድ ምን ያህል አጥሮ ይታያል እያሉ ሲከራከሩ ምሳቸው ይበርዳል። ቴባልዶ የሳለውን ሰው ያየ ጎረቤት "እንደምን ዋልክ?" ሊለው ይቃጣዋል እየተባለ ይወራ ነበር። ወሬውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ራሱ ቴባልዶ ቢሆንም ውሸት አልነበረም።

ሹማምንቱ "ላፖን ሳልልን" ብለው ያዘዙትም እሱን ነው። ላፖ የሚስቱ የኦርሶላ ወንድም ነው። ከተማዋ አደራ የሰጠችውን ምሽግ አንድ ቀስት እንኳ ሳይወረውር ለጠላት አስረክቦ ወደ ጎረቤት ከተማ፣ ወደ ሲዬና ሸሽቷል። ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ፣ ተገዝቶ ነው የሚሉም አሉ። ቤተሰቡ ምን እንደሚል ማንም አልጠየቀም።

"እምቢ በላቸው" አለችው ኦርሶላ።

"እኔ እምቢ ብል ያንን ሠዓሊ ኒጊን ይጠሩታል። ኒጊ ደግሞ ቀንድና ጅራት ይጨምርለታል።"

ኦርሶላ የኒጊን ሥራ ታውቃለች። "እንግዲያው የሱን ፊት እንዳታደርገው" አለች። "እናቴ በዚያ በኩል ነው ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው። የማንንም ፊት አድርግ፤ ስሙን ከሥሩ ይጻፉበት።"

"የማንንም አደርጋለሁ።"

"ማልልኝ።"

"የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!"

ሲምል ከልቡ ነበር። ሥራውንም በቅን ልቡና ጀመረው። እግሩን፣ የታሰረበትን ገመድ፣ ወደ ታች የተንጠለጠሉትን እጆች ጨረሰ። ፊቱን የሚስልበት ቀን ሲደርስ ለፊቱ የሚበቃ እርጥብ ልስን አስለሰነና የማንንም የማይመስል፣ ልሙጥ ያለ ፊት ሳለ። ሊያገባድደው ትንሽ ሲቀረው ኒጊ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የተቆላ ለውዝ እየቆረጠመ ከታች ደረሰ።

"ቴባልዶ! ይሄ ሰው ነው ወይስ ያልበሰለ ሊጥ?"

"መንገድህን ሂድ፣ ኒጊ።"

"ኧረ ልሂድ! ፊት ያስናግራል ሲሉህ ሰምቼ ነው የመጣሁት። እንዲህማ አያቴም ይስል ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ እንኳ ዓይኑ ጠፍቶበት ነው!"

ጓደኞቹ ሳቁ፤ አትክልት ሻጮቹም ሳቁ። የቴባልዶ ጆሮ ጋለ። ልስኑ ገና እርጥብ ነው። እርጥብ ልስን ላይ ያረፈ ቀለም አብሮ ሲደርቅ ከግንቡ ጋር አንድ ይሆናል፤ እስኪደርቅ ድረስ ግን ተፍቆ ሌላ ሊሳልበት ይችላል። "ቅንድቡን ብቻ ላስተካክል" አለ ለራሱ።

ቅንድቡን ሲያስተካክል በልጅነቱ የተሰነጠቀው የላፖ ቅንድብ መጣ። ቅንድቡ ከመጣ ዓይኑን ምን ይከለክለዋል? ልሙጡን ፊት ፋቀና ሳለ። የተዘቀዘቀ ሰው ደም ወደ ፊቱ እንዴት እንደሚወርድ፣ ጉንጩ ወደ ዓይኑ እንዴት እንደሚንሸራተት፣ ጸጉሩ እንዴት እንደሚንጠለጠል፣ ይህን ሁሉ እስከዚያን ቀን ማንም እንደዚያ አልሳለውም። ሚስቱንም መሐላውንም ረሳ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ ደስ ብሎት ነበር።

ልስኑ ሲደርቅ ላፖ ግንቡ ላይ ተሰቅሏል። ስሙ ገና ሳይጻፍ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ "ውይ! የዲያኖራ ልጅ፣ ላፖ!" ብላ ጮኸች። ተመልሶ የመጣው ኒጊ ቀና ብሎ አየና ለውዙን ኪሱ ከቶ ሄደ። ቴባልዶ ያን ማታ እራቱን በደንብ በላ።

ኦርሶላ በማግስቱ አይታው ተመለሰች። "ምለህልኝ እኮ ነበር" አለች። ከዚያ ወዲህ ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ሸሚዙን ታጥብለታለች፤ አብራው መሳቅ ግን ተወች። እሱም "ኒጊ አናዶኝ ነው" ሊላት ብዙ ጊዜ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘግቶታል። የወንድምሽን ፊት ለአንድ ተረበኛ ሸጥኩት ተብሎ ለሚስት እንዴት ይነገራል?

እናትየዋ ዲያኖራ ደግሞ ከቅዳሴ ስትወጣ ጠዋት ጠዋት ግንቡ ሥር መቆም አመጣች። ቴባልዶ አንድ ቀን ከሩቅ አያት። ልትረግመው እንደምትመጣ አልተጠራጠረም። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው በቆዳ ፋቂዎቹ ሠፈር ዞሮ ይሄድ ጀመር፤ ግማቱ ይሻለኛል ብሎ።

ክረምቱ ሳይወጣ ላፖ ሲዬና ውስጥ በትኩሳት ሞተ የሚል ወሬ መጣ። ከሙት ጋር ጠብ የለምና ሹማምንቱ ሥዕሉ በኖራ እንዲሸፈን ፈቀዱ። የሳለው ይሸፍነው ተባለ። ቴባልዶ ደስ አለው። ግንቡም ይነጻል፣ እኔም ይቀለኛል ብሎ ኖራውን በጥብጦ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ።

ዲያኖራ ቀድማው ቆማ ነበር።

"እማማ፣ በዚህ ብርድ ምን ያደርጋሉ? ይግቡ እንጂ። ነውሩን ላጠፋልዎት ነው የመጣሁት።"

"ነውሩስ ይጥፋ፣ ልጄ። የሚቆጨኝ ፊቱ ነው እንጂ።"

ቴባልዶ መሰላሉን ግንቡ ላይ አስደገፈ።

"ሲሄድ እንኳ አልሳመኝም" አለች። "መቃብሩንም አላውቀው። ያለኝ ይኸው ግንብ ነው። የመጀመሪያው ቀን ልረግምህ ነበር የመጣሁት፣ አልዋሽህም። ቀና ስል ቅንድቡን አየሁት። ከበለስ ዛፍ ላይ ወድቆ ሲሰነጠቅ ደሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እንዴት እረግምሃለሁ? አንገቴን አዘምሜ፣ አዘምሜ አየዋለሁ። ሰዉ አበደች ይለኛል፤ ይበለኛ!"

ቴባልዶ እርግማኑን ለመቀበል ወራት ሙሉ ራሱን ሲያዘጋጅ ከርሞ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀም።

"ሌላ ሠዓሊ ቢሆን የሰይጣን መልክ ይሰጥብኝ ነበር" አለች። "እንዲህ አድርጎ የሚስለው የሚወደው ሰው ብቻ ነው። ስትስለው አልቅሰህለታል፣ አይደል?"

እውነቱ ሌላ ነው። ያን ቀን በሐሳቡ የነበረው ኒጊ ነው፤ የኒጊ አፍና ለውዙ። ላፖን እንደ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበውም። ይህን ቢነግራት የሚገባውን እርግማን አግኝቶ ይገላገላል፤ እሷ ግን የቀራትን አንድ ነገር ታጣለች። ቀጥሎ የመለሰላት አዝኖላት ይሁን ፈርቷት፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ለይቶ አላወቀውም።

"አዎ፣ እማማ" አለ። "አልቅሼለታለሁ።"

"አውቄዋለሁ። በል ሸፍነው። ፊቱን ብቻ መጨረሻ አድርገው።"

ከላይ ከእግሩ ጀምሮ እያነጣ ወረደ። ፊቱን መጨረሻ ላይ ቀባው። ኖራ ሲቀቡት ስስ ነው፤ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ላፖ ወዲያው አልጠፋም። ከኖራው በስተጀርባ ሆኖ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ሄደ። ዲያኖራ አንገቷን አዘምማ እስከ መጨረሻው አየችው። የሚታየው ነገር ሁሉ ሲጠፋ የቴባልዶን እጅ ከነኖራው ስባ ሳመችው።

"እጅህ ይባረክ" ብላው ከንፈሯን በሻሿ ጠርጋ ሄደች።

ቤቱ ሲገባ ኦርሶላ የባቄላ ሾርባ እየቀዳች ነበር።

"እናቴ እዚያ ነበረች?"

"ነበረች።"

"ምን አለችህ?"

"እጅህ ይባረክ አለችኝ።"

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። "ለምን?"

"አልቅሰህለታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።"

"አንተስ ምን አልካት?"

ቴባልዶ ኖራ የደረቀበትን እጁን ማሸት ጀመረ። ኦርሶላ ፊቱን አየችና አዎ ብሎ እናቷን እንደዋሸ ገባት። ሾርባውን ከፊቱ አስቀምጣ ሻሿን አሰረች።

"አሁን ወደሷ መሄዴ ነው" አለች። "ባልሽ ለወንድምሽ አልቅሶለታል ትለኛለች። እኔም እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ አዎ አልቅሷል እላታለሁ።"

በሩን ቀስ ብላ ዘግታው ወጣች።