የለተሚካኤል የክርስትና ስም

ጎይቶም ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠራ አንድም ፋይል ጠፍቶበት አያውቅም። ጡረታ ከወጣ በኋላም ይህንኑ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ስለዚህ የድሮ የካዛንቺስ እድርተኞች ተጠራርተው በቂርቆስ በኩል ያለውን አሮጌ መካነ መቃብር ሊያጸዱ ሲነሡ፣ ዶማና አካፋው ለጉልበተኞቹ፣ ደብተሩ ደግሞ ለእሱ መሰጠቱ ማንንም አልገረመም።

መቃብሩ የሚያሳፍር ሆኖ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት የቆሙ ሐውልቶች በቁጥቋጦ ተውጠዋል፤ ግማሾቹ ተጋድመዋል፤ በመካከላቸው የውሃ ፕላስቲክና የተቀደደ ፍራሽ ተጥሏል። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ ሙታኑን ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ። እነዚህ የእድር ሰዎች ግን አምስት ቅዳሜ ሙሉ፣ ከከተማው ዳር ድረስ በሁለትና በሦስት ታክሲ እየመጡ፣ መነጠሩ፣ የወደቀውን አቀኑ፣ ድንጋዩን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉ። ሥራው ሲያልቅ መምሬ ኃይለገብርኤል እሑድ ጠዋት ለሁሉም በአንድነት ፍትሐት ሊያደርሱ፣ የእያንዳንዱንም ሟች ስም ሊጠሩ ተስማሙ። የሚጠራው ታዲያ የክርስትና ስም ነው። ሰፈር ውስጥ አሉላ ሲባል የኖረ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ገብረ ማርያም ሊሆን ይችላል።

ጎይቶም ከየቤተሰቡ እየጠየቀ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ስም ጻፈ። እዚያው የተቀበሩትን የእናቱን ግን ማንንም አልጠየቀም። እናቱ ለተሚካኤል ነበሩ፤ የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ካረፉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በየሙት ዓመታቸው ያስጠራውም ይህንኑ ነው። በመጨረሻው ቅዳሜ አንድ ሐውልት ላይ ተቀምጦ ይህንን ስም ሲጽፍ፣ እትዬ ደብሪቱ የአረም ከረጢታቸውን እንደያዙ ከኋላው ቆመው አዩት።

እትዬ ደብሪቱ የእናቱ የግድግዳ ጎረቤት ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ የልብስ ማስጫ ገመድ የተነሣ ዓመታት ተኳርፈዋል፤ ጎይቶምም ለእናቱ ወግኖ ሰላምታ ከነፈጋቸው ቆይቷል።

“ይቺ ማናት?” አሉ ደብተሩን እያሳዩ።

“እናቴ ናት” አለ ቀና ሳይል።

“እናትህ እንዲህ አትባልም።”

ጎይቶም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “እርስዎ በምን አወቁ?”

“ነግራኝ ነዋ።”

“ለእርስዎ? ተኳርፋችሁ አልነበረ እንዴ?”

“ታርቀናል! ሁለታችንም የንስሐ አባታችን አንድ ነበሩ። ጠርተው አስቀመጡንና፣ በሉ የክርስትና ስማችሁን ተነጋገሩ አሉን። ጠዋት ማታ በስሟ እየጸለይሽላት ልትጠያት አትችዪም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሷ ለእኔ፣ እኔ ለእሷ። ዛሬም ጠዋት ጠርቻት ነው የመጣሁት።” ከረጢቱን መሬት ላይ ጣሉት። “ለቅሶዋ ላይ ድንኳን ስገባ አንተ ብድግ ብለህ ወጣህ። ዝም አልኩ፣ ሐዘን ነው አልኩ። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ፊትህን አዞርክብኝ። እኛ ታርቀን ስናበቃ፣ በቃ፣ አንተን ጠቡን ቀጥል ብሎ የሾመህ ማነው?”

ጎይቶም ደብተሩን ከደነ። ቀስ ብሎ “ታዲያ ስሟ ማነው?” አለ።

“ለእኔ የነገረችኝን ነው የምትጠይቀኝ። አንተ ጠይቀሃት ታውቃለህ?”

አያውቅም። የደም ግፊት ኪኒናቸውን፣ የጫማ ቁጥራቸውን፣ የመታወቂያ ቁጥራቸውን ሳይቀር በቃሉ ያውቃል። ይህን ግን አንድም ቀን አልጠየቃቸውም። እትዬ ደብሪቱ መልሱን ከፊቱ አነበቡና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

እህቱ መርሃዊት ዘንድ ደወለ። “ወለተ ሚካኤል ነዋ” አለችው፣ ምን ሆነሃል በሚል ድምፅ። እናታቸው ሁለት ልጅ ወልደው ሁለቱም አያውቋቸውም። ጎይቶም አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ከፋው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ስም ሲያስጠራ እናቱ በር ላይ ቆመው የቀሩ መሰለው። የእናቱ የንስሐ አባት እንደሆኑ ካረፉ ቆይተዋል፤ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ሊደውል ስልኩን አነሣና ተወው። ይቅርታ ሳይጠይቁ ስም መለመን ነውር ነው፤ ይቅርታውም በስልክ የሚባል አይደለም። ወለተ ሚካኤል የሚለውን ሰረዘና መስመሩን ባዶ ተወው።

እሑድ ጠዋት ሰዉ ሐውልቶቹን ከብቦ ቆመ። መምሬ ኃይለገብርኤል ደብተሩን ይዘው ስሞቹን አንድ በአንድ ጠሩ። ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉና “ይኼ ባዶ ነው?” አሉ።

ጎይቶም ዝም ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ከሰዉ መሃል ወጣ። “እናቴ ናት፣ አባቴ። ስሟን አላውቀውም።”

 አንዳንዱ መሬት መሬት አየ፤ እዚያ ከቆሙት ስንቱ ከሱ ይሻል እንደነበረ እንጃ። ከሴቶቹ በኩል አንድ የሰለለ ድምፅ ተሰማ።

“ወለተ ኪዳን ናት” አሉ እትዬ ደብሪቱ። “ወለተ ኪዳን በሏት።”

መምሬም ጠሯቸው። ጎይቶም በለቅሶው ያላነባውን ያህል እዚያው ቆሞ አነባ።

ፍትሐቱ እንዳበቃ ሄዶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ትከሻውን ይዘው አቀኑት።

“ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።”

“ይቅር ለእግዚአብሔር። እሷም አኩርፋ አልሞተችም፤ አንተ ነህ የቆየኸው።” ከዚያም እንደ ዋዛ ጨመሩበት፦ “የኔን ስም የምታውቀው እሷ ነበረች። የንስሐ አባታችንም አርፈዋል። ልጅ አልወለድኩ፤ እንግዲህ የኔን ማን እንደሚጠራው አላውቅም።”

ጎይቶም ቶሎ ብሎ ደብተሩን ገለጠ፤ እስክሪብቶም አወጣ። እትዬ ደብሪቱ መዳፋቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ።

“አትጻፈው። ያዘው።”

ወደ ጆሮው ተጠግተው ነገሩት። “ድገመው” አሉት። ደገመው። “አሁንም።” አሁንም ደገመው።

ጃንጥላቸውን ይዞላቸው እስከ ለገሃር በእግር ሸኛቸው። የሰፈሩን ሰው፣ ማን የት እንደደረሰ፣ ማን እንደታመመ እየነገሩት ሄዱ። ታክሲ ተራው ሲደርስ አንድ እግራቸውን አስገብተው ዞር አሉ።

“ማነኝ?” አሉት።

ረዳቱ “ግቡ፣ ግቡ እንጂ እማማ!” እያለ ይጮሃል። ጎይቶም በሩን ይዞ ጎንበስ አለና በጆሯቸው ነገራቸው።