ትንሿና ረጅሟ

«በሞቴ፣ ይኼን ብረት ከደጄ አንሣልኝ!» አሉ ወይዘሮ አስካለ ማርያም።

አብዱልሀኪም ሁለት የብረት መሰርሰሪያ ማሽን በአይሱዙ ጭኖ ከቡሬ የመጣው፣ ብረት ሠሪው ልጃቸው ስመኘው አስመጣልኝ ስላለው ነበር። ኔትወርክ ጠፍቶ ስለሰነበተ የስመኘውን መርዶ የሰማው ፍኖተ ሰላም ደርሶ ድንኳኑን ሲያይ ነው። አልቅሶ፣ ንፍሮ ቀምሶ ሊሄድ ሲነሣ የሟች ልጅ ያምሮት ተከትላው ወጣች።

«ጋሼ፣ የቁሙን መሰርሰሪያ ያውርዱልኝ።»

አያቷ የሰሙት ይህን ነው። «የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ ገበያ ትቆሚያለሽ?»

«ገበያ አይደለም እምዬ። ሥራው ቆሟል። እኔም ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝ።»

«የተረፈውን የሚገዛኝ ሰው ዛሬውኑ ጅጋ ይጠብቀኛል» አለ አብዱልሀኪም አንገቱን ደፍቶ።

ከድንኳኑ ውስጥ «ሴት ልጅና ብረት እቴ!» የሚል ሹክሹክታ መጣ። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ዞር አሉ። «አፋችሁን በንፍሮው ያዙበት!» የልጅ ልጃቸውን መቆጣት የእሳቸው እንጂ የማንም አይደለም።

ከዚያ መኪናው ላይ ያሉትን አዩ። አንዷ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ናት። ሌላዋ ሰው ታክላለች።

«ግድ ከሆነ ትንሿን። ይቺ ረጅሟማ ልጄን ትበላብኛለች።»

ስመኘው ዕድሜውን በእጅ በሚያዝ ድሪል ነው የሠራው። የግቢ በር ብረት ሲበሳ በደረቱ ተደግፎ ይጫነው ነበር። አንድ ክረምት የድሪሉ መብሻ ጫፍ ብረቱ ውስጥ ተነከሰና ድሪሉ ዞሮ የእጁን አንጓ ጠመዘዘው። ማታ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቆ «አልራበኝም» አለ። እናት ትታለላለች? ከዚያ ወዲህ ጓሮ ብረት በጮኸ ቁጥር ወጡ ያርርባቸዋል፤ ጩኸቱ ድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ይብስባቸዋል። በመጨረሻ የወሰደው ግን ልቡ ነው፣ ተኝቶ ሳለ። ይኸን ሁሉ ዓመት እሳቸው አንዱን በር ሲጠብቁ ሞት በሌላው ገባ።

«እትዬ፣ ትንሿ ናት የምትበላው» አለ አብዱልሀኪም። «የበር ቋሚ ብረት ይረዝምባታል፤ ልጅቷ በእጇ ደግፋ ልትይዘው ነው። መብሻው ከነከሰው ብረቱን ይዞት ይሽከረከራል። ይቺ ረጅሟ ግን ከወለል ትታሰራለች፤ ብረቱንም እሷው ጠፍንጋ ትይዘዋለች።»

«ታዲያ ይኼን ካወቅህ ሁለቱን ምን አስጫነህ?»

አብዱልሀኪም መሬት መሬት አየ። «ስመኘው ነዋ። "ሁለቱንም አምጣ፣ አንዷ ለያምሮት ናት፤ የምትመርጠው ግን እናቴ ናት" አለኝ። "አለዚያ ስትሰጋ ትኖራለች" አለ።»

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ፊታቸው ተለዋወጠ። «እሱ መቼም! ከባድ ከባዱን ለእኔ ትቶ ይሄዳል!»

ያምሮት ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋች፤ ገፏት። ወደ መኪናው ተጠጉ።

«የምትጠፋው በየት ነው?»

«ይኼን ቀዩን ቁልፍ ሲጫኑት ቀጥ ትላለች።»

ተጫኑት። ደግመው ተጫኑት። «እኔ ሮጬ ብመጣ እደርሳለሁ?»

«ይደርሳሉ።»

«የደበቅኸኝ የለም?»

«ጸጉርና ጨርቅ ነው። የተንጠለጠለ ካገኘች ጠቅልላ ትስባለች።»

 «አውርዳት» አሉ።

«ረጅሟን?»

«ረጅሟን ነዋ! አትሰማም?»

ከዚያ ወደ ያምሮት ዞሩ። «ነይ ወዲህ!» ለቀስተኛው ሁሉ እያያቸው የሐዘን ነጠላዋን ከትከሻዋ ፈትተው አነሡና ከራሳቸው ነጠላ ላይ ደረቡት።