የቀትር ልስን

ሁለት የመመለሻ ትኬት ቆርጬ ነበር የሄድኩት፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለልጄ።

ነገሩን የጀመረው ወንድሜ ነው። ለሥራ ቆላ ወርዶ ሲመለስ፣ "አማችህ ቀትር ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። በማግስቱም ሄድኩ፤ ያው ተጋድሟል!" አለን። ሚስቴ አለቀሰች፤ የእኔ ደም ፈላ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ስለስን ቀትር ላይ ጀርባዬ ፍራሽ ነክቶ አያውቅም። እኛ ጋ ጧት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ከሰዓት ዝናብ ነው፤ ሥራ ማለት ቀትር ነው። አማቼም የእኔው ሙያ አለው፤ ምን ምክንያት ይሰጠኛል? ልጄን ለሰነፍ ድሬ ከሆነ እመልሳታለሁ አልኩ።

አንድ ቀን ተኩል በአውቶቡስ ቁልቁል ወርጄ፣ ስድስት ሰዓት ላይ በራቸውን አንኳኳሁ። ኮቴን መንገድ ላይ አውልቄዋለሁ፤ ሹራቤን ግን እልህ ይዞኝ አላወለቅኩም። ልጄ በሩን ከፍታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከኋላዋ አማቼ ሲሚንቶው ወለል ላይ በካናቴራ ተዘርሮ ያንኮራፋል።

"ቀስ በል አባዬ፣ ገና መተኛቱ ነው።"

"በእኩለ ቀን! ሻንጣሽን አዘጋጂ፤ ከነገ ወዲያ አብረን እንሄዳለን።"

"የት ነው የምሄደው?"

"ወደ ቤትሽ ነዋ!"

ጀርባዋን ሰጥታኝ ወጣች፤ ተከተልኳት። ጓሮ አንድ ክፍል ጀምረዋል፤ ግድግዳው አልተለሰነም። አሸዋውም ሲሚንቶውም እዚያው አለ። ሥራ ምን እንደሆነ ላሳየው ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

"ተው አባዬ፣ አሁን አይሆንም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባል የለ?"

"ሠሪውማ ተኝቷል!"

በሁለት ሰዓት ውስጥ ግድግዳውን እንደ መስታወት አለሰለስኩት። አሥር ሰዓት ላይ ብመለስ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። በጣቴ ብነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት ተላቅቆ ወደቀ፤ ውሃውን ፀሐይ ጠጥታዋለች። አማቼ ተነስቶ መጥቶ አየው። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። "አባባ፣ መንገዱ አድክሞዎታል፤ ይረፉ" ብቻ አለኝ። የዚያን ቀን ያፈርኩትን ለጠላቴም አልመኝም።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ የሚፋቅ ነገር ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አማቼ በባትሪ ብርሃን የእኔን ልስን ፍቆ ሊጨርስ ምንም አልቀረውም። ልጄ ውሃ ታቀብለዋለች፣ ግድግዳውን ያርሰዋል፣ ይሳሳቃሉ። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

"ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው?" አልኩት።

"ከሌሊቱ ዘጠኝ ጀምሮ። የሰው ሥራም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ቀትርን ልስንም ሰውም አይችለውም፣ አባባ።"

ሹራቤን አወለቅኩና ባልዲውን ከልጄ ተቀበልኩ። እስከ ረፋዱ ሠራን። እጁ ከእኔ እጅ ይፈጥናል፤ ይህን መናገር ይተናነቀኛል፣ ግን እውነት ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን እሱ ወለሉ ላይ ተጋደመ፣ እኔም ከጎኑ። ወንድሜ ያየው ይህንን ነበር፤ ሌሊቱን ግን አላየም። እኔም ሳላይ ፈርጄ ሁለት ትኬት ቆረጥኩ።

ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ፣ "ወንበሩ ሰው አለው?" አሉኝ። "የለውም፣ ይቀመጡ" አልኩ።

ቤት ስደርስ ዝናቡ ይወርዳል። ሚስቴ የልጃችንን አልጋ አንጥፋ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባበት ጠበቀችኝ። በሩን ይዛ ከኋላዬ ተመለከተች።

"ልጄስ? ወደ ቤቷ እመልሳታለሁ አላልክም?"

"ቤቷ ናት" አልኳት።